ሽበት ሁሉ አንድ አይደለም፦ በዛፍ ግንድ ላይ ስለሚበቅለው ሞስ አለያየት የቀረበ ሂስ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር በክረምት ወራት የተጓዘ ሰው ሁሉ የዛፉ ግንድ አረንጓዴ ለብሶ ሳያይ አይመለስም። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በቆመው ወይራና ጥድ፣ በወንዝ ዳር ባለው ሾላና ዶቅማ፣ ለገበያተኛ ጥላ በሚሰጠው ዋርካ ላይ ይህ አረንጓዴ ነገር እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይገኛል። ስሙ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን ገበሬውም፣ ተማሪውም፣ አንዳንድ ጊዜ መምህሩም «የዛፍ ሽበት ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህ ነገር የሚዘጋ መልስ በእርግጥ ምን ያህል መልስ እንደ ሆነ ነው።

በእኛ በተማሪዎች ዘንድ በዕረፍት ወራት ወደየአገራችን ስንመለስ የዕፀዋት ስም ዝርዝር ሰብስቦ ማቅረብ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ዛፉ መጀመሪያ በአማርኛ ስሙ፣ ቀጥሎም በሳይንስ ስሙ ይጻፋል፤ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ብርብራው ሁሉ በተራ በተራው ይሰፍራል። ነገር ግን ዝርዝሩ ከቅርንጫፍ ወርዶ በግንዱ ላይ ወዳለው ትንሽ ነገር በደረሰ ጊዜ የጸሐፊው ጥንቃቄ ይላላል። አንዱ «ሽበት» ብሎ ያልፋል፤ ሁለተኛው ከአውሮጳ መጽሐፍ አንድ የላቲን ስም አንሥቶ ይለጥፍበታል፤ ሦስተኛው በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ስልኩ የነገረውን ይጽፋል። እኛ እንደሚመስለን ሦስቱም መንገዶች አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ይኸውም ከራሱ ከቅጠሉ በቀር ሁሉን መመልከታቸው ነው። የመጀመሪያው ዛፉን ያያል፤ ሁለተኛው ሌላ አገር ያያል፤ ሦስተኛው መልኩን ብቻ ያያል። እያንዳንዱን በየተራው እንመዝን።

በአገሬው ስም እንጀምር። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላልና የአገሬውን ስም በንቀት ማለፍ አይገባም። አንድ ሽማግሌ «አባቴ፣ ይህ በግንዱ ላይ ያለው ምን ይባላል?» ብለን ብንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ይህማ ሽበት ነው፤ ዛፍስ እንደ ሰው አያረጅ መሰላችሁ?» ሲሉ መልሰውልናል። በዚህ አጭር መልስ ውስጥ እውነተኛ ምልከታ አለ። የብዙ ወጣት ዛፍ ቅርፊት ለስላሳ ስለ ሆነ ዝናቡ በላዩ ፈስሶ ይሄዳል፤ ዘር የሚያርፍበት ስንጥቅም የለውም። ዛፉ ሲያረጅ ግን ቅርፊቱ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ አቧራና እርጥበት ይይዛል፤ ከዚህም በኋላ ጥቃቅኖቹ ዕፀዋት ይሰፍሩበታል። እንግዲህ ሽማግሌው ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ሆኖም የነገሩን የዛፉን ዕድሜ ነው እንጂ የሽበቱን ማንነት አይደለም። ስሙ የተሸካሚው መግለጫ ነው እንጂ የተሸከመው አይደለም። ነቀፌታው የሚያርፈው በሽማግሌው ላይ ሳይሆን ይህን መግለጫ እንደ ዝርያ ስም ቈጥሮ በዝርዝሩ ውስጥ በሚያሰፍረው ተማሪ ላይ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። ሽበት ነጭ ወይም ግራጫ ነው፤ በግንዱ ላይ የምናየው ምንጣፍ ግን አረንጓዴ ነው። ስሙ ይበልጥ የሚስማማው በደጋ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ ለሚታየው ግራጫ ነገር ነው። ይህም ሞስ አይደለም፤ ሊከን ነው፤ በሳይንስ ስሙ ኡስኒያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ስዊሳዊው ሲሞን ሽቬንደነር እንዳስረዳው ሊከን አንድ ፍጡር ሳይሆን ፈንገስና ዋቅላሚ (አልጌ) ተጋግዘው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ሞስ ግን ራሱን የቻለ፣ ግንድና ቅጠል ያለው ተክል ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት እንጀራንና የተጋገረበትን ምጣድ በአንድ ስም ከመጥራት የተለየ አይደለም፤ አንድ ቦታ ስለ ተገኙ አንድ አይሆኑም።

እንግዲህ «የዛፍ ሽበት» በሚለው በአንዱ ስም ጥላ ሥር ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ነገሮች ተጠልለው ይገኛሉ። እነዚህን ለመለየት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጣት፣ ጥቂት ውሃና ዐሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃል።

የመጀመሪያው ዋቅላሚው ነው። በቅርፊቱ ላይ አረንጓዴ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ በጣት ቢያሹት ጣትን አረንጓዴ ያደርጋል፤ በመነጽር ቢያዩት ቅጠልም ግንድም የለውም። ሁለተኛው ሊከኑ ነው። ጢም መሰሉን ኡስኒያን ከሁለት ጫፉ ይዘው በቀስታ ቢስቡት ውጫዊው ልባስ ይሰበርና በመካከሉ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነጭ ክር ይታያል፤ ይህ ክር በሞስ ውስጥ ከቶ አይገኝም። ጠፍጣፋው ሊከን ደግሞ በቅርፊቱ ላይ እንደ ተለጠፈ ግራጫ ወረቀት ነው። ሦስተኛዎቹ የሞስ ዘመዶች የሆኑት፣ ፈረንጆች በጉበት ስም የሚጠሯቸው ጥቃቅን ዕፀዋት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ፍሩላኒያ የሚባለው በዛፍ ቅርፊት ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነው። ቅጠሎቹ በግራና በቀኝ በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ፤ ከእያንዳንዱም ቅጠል በታች እንደ ትንሽ ቆብ ያለ ክፍል ተጣጥፎ ይገኛል። አራተኛው ሞሱ ራሱ ነው። ቅጠሎቹ ያልተከፈሉ፣ ብዙውን ጊዜ በግንዱ ዙሪያ የተጠመጠሙ ናቸው፤ በጊዜው ከቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ የዘር ሙዳይ ያወጣል። ሙዳይ ያልነው በዘፈቀደ አይደለም፤ ክዳኗ ሲወድቅ በብዙዎቹ ሞሶች አፍ ላይ በመነጽር የሚታዩ ጥርሶች ይገለጣሉ፤ በደረቅ አየር እየተከፈቱ፣ በእርጥብም እየተዘጉ ዱቄት መሰሉን ዘር በመጠን ያስወጣሉ።

እነዚህን አራቱን ሳይለይ «ሽበት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር አልመዘገበም ማለት ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ፣ ወደ አውሮጳ መጽሐፍ እንለፍ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን እጃችን በገቡት የፈረንጅ የንባብ መጻሕፍት ውስጥ፣ በጫካ መንገድ የጠፋበት ሰው ሞስ የበቀለበትን የግንዱን ጎን ተመልክቶ ሰሜንን ያውቃል የሚል ትምህርት ይገኝ ነበር። ይህን ትምህርት ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ እንደግመዋለን። ትምህርቱ በተጻፈበት አገር መሠረት አለው። በእንግሊዝ አገር ፀሐይ በቀትር ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፤ በታኅሣሥ ወር በሎንዶን ከአድማስ በላይ ከ15 ዲግሪ ገደማ አታልፍም። ስለዚህ የግንዱ ሰሜናዊ ጎን ዘወትር ጥላ ነው፤ ጥላም እርጥበትን ይጠብቃል፤ ሞስም እርጥበትን ይወዳል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወደ 11 ዲግሪ በሚጠጋ ስፍራ ላይ ናቸው። በዚህ ስፍራ ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 19 ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ትዞራለች። በታኅሣሥ እንኳ በቀትር ከአድማስ በላይ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ ሞሱ በሚያድግበት በክረምቱ አብዛኛው ክፍል ፀሐይዋ ከደመናው በላይ በሰሜን፣ ሞሱ በሚደርቅበት በበጋ ደግሞ በደቡብ ናት ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያውስ በጎጃም ሞስ በደቡብ በኩል ይበቅላል» ብንል የፈረንጁን ሕግ ገልብጠን ሌላ ሕግ መሥራታችን ነው፤ ይህም ያው ጥፋት ነው። በአገራችን ግንድ ላይ ይበልጥ የሚወስኑት ሌሎች ምክንያቶች ናቸው፦ ግንዱ ወደ የት እንዳዘነበለ፣ የዝናቡ ውሃ በየትኛው ጎን እንደሚወርድ፣ ቅርፊቱ ምን ያህል ሻካራ እንደ ሆነ፣ ጎረቤት ዛፍ ጥላውን ከየት እንደሚጥል። ያዘነበለ ግንድ በላይኛው ፊቱ ዝናብ ይቀበላል፤ በታችኛው ፊቱ ደረቅ ይሆናል፤ ይህም ከሰሜንና ከደቡብ ጋር ጉዳይ የለውም። ኮምፓሱ ያለው በየአገሩ ፀሐይ ውስጥ እንጂ በሞሱ ውስጥ አይደለም። ከመጽሐፍ የተገኘ ሕግ ሁሉ ከየትኛው ኬክሮስ እንደ መጣ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ከአውሮጳ መጽሐፍ የሚወሰደው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ስሙም ነው። በአውሮጳ የሞስ መመሪያዎች ውስጥ በዛፍ ግንድ ላይ በብዛት የሚገኝ ተብሎ ከሚጠቀሱት መካከል ሂፕኑም ኩፕሬሲፎርሜ የተባለው ዋነኛው ነው። ስሙን በ1801 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ ያጸናው በላይፕሲክ ያስተምር የነበረው ዮሐን ሄድቪግ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እርሱ በ1799 ከሞተ በኋላ ነበር። የአበባ ዕፀዋት የሳይንስ ስም ከሊኔዎስ የ1753 መጽሐፍ እንደሚነሣ ሁሉ፣ የአብዛኞቹ ሞሶች ስምም ከዚህ ከሄድቪግ መጽሐፍ ይቈጠራል። የስሙም ሁለተኛ ቃል ኩፕሬሱስ ከተባለው፣ እኛ የፈረንጅ ጥድ ከምንለው ዛፍ ወገን የተወሰደ ነው፤ «ጥድ መሰል» ማለት ነው። በእርግጥም የሞሱ ቅርንጫፍ በመነጽር ሲታይ እንደ ጥድ ቅጠል ተደራርቦ የተጎነጎነ ነው።

ይህ ሞስ በብዙ የዓለም ክፍሎች፣ በአፍሪካ ተራራማ አገሮችም ጭምር የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በቡሬ ግንድ ላይ አገኘሁት የሚል ተማሪ ያልሆነ ነገር ተናገረ አንልም። ጥያቄያችን «በምን ዐወቅኸው?» የሚል ነው። መልሱ «ምንጣፍ መስሎ በግንዱ ላይ ተዘርግቷልና» ከሆነ መልስ አይደለም፤ በግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋ ሞስ ብዙ ነው። የዚህ ሞስ ምልክቶች ግን እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ቅጠሎቹ እንደ ማጭድ ጎብጠው ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፤ ጫፎቻቸውም ወደ ቅርፊቱ ይዞራሉ። ሁለተኛ፣ በቅጠሉ መካከል የሚያልፍ ጅማት የለም፤ ቢኖርም እጅግ አጭርና መንታ ነው። ሦስተኛ፣ የዘር ሙዳዩ ዘንግ የሚወጣው ከዋናው ግንድ ጫፍ ሳይሆን ከጎኑ ነው፤ ሙዳዩም ጥቂት ጎበጥ ይላል። አራተኛ፣ በቅጠሉ ግርጌ ማዕዘን ላይ ያሉት ሕዋሳት ከሌሎቹ በቅርጽ ይለያሉ፤ ይህም የሚታየው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው።

እነዚህን ምልክቶች ያልጠየቀ ሰው ከሌሎቹ ሞሶች ጋር መደባለቁ አይቀርም። ፋብሮኒያ የሚባሉት ጥቃቅን ሞሶች በሞቃት አገር የዛፍ ቅርፊት ላይ ሐር መስለው ይዘረጋሉ፤ የብዙዎቹ ቅጠል ጠርዝ ግን እንደ ሽፋሽፍት የተተፈተፈ ነው። ማክሮሚትሪዩም የሚባሉት ደግሞ ዋና ግንዳቸው በቅርፊቱ ላይ ይሳባል፤ ሙዳያቸው ግን ቀጥ ብለው ከሚቆሙት ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ይወጣል፤ ቅጠላቸውም መካከለኛ ጅማት አለው። ሌፕቶዶን ስሚቲ የተባለው ደግሞ ሲደርቅ ቅርንጫፉን ወደ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይጠቀልላል፤ ውሃ ሲነካው ይዘረጋል። ከዚህም በላይ የሂፕኑም ኩፕሬሲፎርሜ መልክ እጅግ ተለዋዋጭ ስለ ሆነ የአውሮጳ ሊቃውንት ራሳቸው ቀድሞ በዚህ ስም ሥር ከነበሩት መካከል በርካታ ዝርያዎችን ለይተው አውጥተዋል። እንግዲህ ለመናገር ከሁሉ የቀለለው ስም ለማስረዳት ከሁሉ የከበደው ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው መንገድ የእጅ ስልክ ነው። ስለዚህ ጥቂት ብቻ እንናገራለን፤ ምክንያቱም ጉድለቱ የሁለተኛው መንገድ ጉድለት በአዲስ ልብስ ስለ ሆነ ነው። ስልኩ አንድን ሥዕል ቀድሞ ካያቸው ሥዕሎች ጋር ያስተያያል። ብዙ ፎቶግራፍ የተነሡት ሞሶች ብዙ ተመልካች ባለባቸው አገሮች የሚገኙት ናቸው፤ ስለዚህ ስልኩ ያየውን ወደሚያውቀው ይስባል። በተጨማሪም ከላይ የቈጠርናቸው ምልክቶች፣ ማለት የቅጠሉ ጅማት፣ የጠርዙ ጥርስና የማዕዘኑ ሕዋስ፣ በክንድ ርቀት ከተነሣ ፎቶግራፍ ላይ አይታዩም። ያልታየ ምልክት ደግሞ ሊፈረድበት አይችልም። ስልኩ ጥሩ ጠቋሚ ይሆናል፤ ምስክር ግን አይሆንም።

እስካሁን ተማሪውን ስንነቅፍ ቆይተናል፤ ፍርድ ሚዛናዊ እንዲሆን ግን ተማሪው የሚደገፍበትን መጽሐፍም ማየት ይገባል። ስለ አገራችን ዕፀዋት ከተጻፉት ሁሉ ትልቁ ሥራ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ነው። ሥራው በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከ1989 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በስምንት ቅጽ ታትሟል፤ አዘጋጆቹም ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ሌሎችም ሊቃውንት ናቸው። ለዚህ ሥራ ያለን አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ፍሎራው የሚመለከተው በውስጣቸው ውሃ የሚያመላልስ ሥርና ጅማት ያላቸውን ዕፀዋት ነው። ታችኛው በሩ በፈርኖችና በዘመዶቻቸው ላይ ይቆማል፤ ሞስ ከበሩ ውጭ ይቀራል። ይህ የሥራው ወሰን እንጂ ነውሩ አይደለም፤ ሆኖም ወሰኑን ያልተገነዘበ ተማሪ ወደ ወጥመድ ይገባል። በፍሎራው ውስጥ ሴላጂኔላ የተባለች የፈርን ዘመድ አለች፤ ቅጠሏ ጥቃቅን፣ መልኳም ቍርጥ ሞስ ነው። በእጁ ሞስ ይዞ የፍሎራውን ገጽ የሚገልጥ ተማሪ ሞስ የሚመስል አንድ ነገር ቢያገኝ እርሷን ያገኛል፤ ስሟንም ለሞሱ ይሰጠዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ሴላጂኔላ እውነተኛ ሥር አላት፤ ሞስ ግን ቅርፊቱን የሚጨብጥባቸው ሥር መሰል ክሮች ብቻ አሉት። ደግሞም ሴላጂኔላ ዘሯን በቅርንጫፉ ጫፍ በተሰበሰቡ ቅጠሎች ብብት ትይዛለች እንጂ በዘንግ ላይ የተሰቀለ ሙዳይ የላትም።

ሞስ ከበር ውጭ መቅረቱ የቈየ ታሪክ አለው። ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ወደ ግሽ ዓባይ ሲደርስ ያለፈው በዚሁ በእኛ አገር ነው፤ ስለ ዕፀዋትም ጽፏል፣ ሥዕልም አሥሏል፤ ዋጊኖስ የምንለውም ዛፍ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ ተብሎ በእርሱ ስም ይጠራል። ዐይኑ ያረፈው ግን እንደ ብዙዎቹ ተጓዦች በዛፉና በመድኃኒቱ ላይ ነበር። ከእርሱ በኋላ በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በዓድዋ በ1878 እስኪሞት ድረስ በትግራይና በሰሜን ተራሮች አካባቢ ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖሯል፤ የሥጋ ዘመዱ ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐርም በስትራስቡርግ የታወቀ የሞስ ሊቅ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ክሪስቶፈር ሂላንደርና ስለሺ ነሞምሳ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጓሮ ቡና በዛፍ ላይ ለሚበቅሉ ዕፀዋት ማከማቻ እንደሚሆን አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ጥናት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖችም እንዲካሄድ እንመኛለን። መልካም ጥናት ግን መልካም ናሙና ይፈልጋል፤ ናሙናውንም ማዘጋጀት የሚችሉት በየዓመቱ ወደ አገራቸው የሚመለሱት ተማሪዎች ናቸው።

ስለዚህ ነቅፈን ብቻ እንዳንቀር የሚሻለውን እንጠቁም። ሞስ ለመሰብሰብ እጅግ የሚመች ተክል ነው፤ እንደ አበባ በወረቀት መካከል ጠብቆ መጫን አያስፈልገውም። የእጅ መዳፍ የማታህል ቍራጭ ከቅርፊቱ ላይ ተነሥታ በጥላ ደርቃ በወረቀት ፖስታ ብትታሸግ ለብዙ ዘመን ትቀመጣለች፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ በውሃ ብትነከር ቅጠሏ እንደ ገና ተዘርግቶ ለምርመራ ይመቻል። በፖስታው ላይ ግን የሚከተለው ሊጻፍ ይገባል፦ ቀበሌውና የቅርቡ ወንዝ ወይም ቤተ ክርስቲያን፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፤ የዛፉ ስም፤ ከመሬት ያለው ርቀት፤ የግንዱ ጎንና ማዘንበሉ፤ ቀኑና ሰብሳቢው። ፍኖተ ሰላም ከ1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ከ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ቦታውን «ጎጃም» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ግን ይህን ጥናት አስቀድሞ ገድሎታል።

የአገሬውንም ስም አንጣለው። በፖስታው ላይ «የዛፍ ሽበት» ተብሎ ይጻፍ፤ ነገር ግን በሳይንስ ስም ቦታ አይግባ። የሳይንሱም ስም በደረጃ ይሰጥ። ጣትና ውሃ ብቻ የመረመረ ሰው «ሞስ» ይበል። በመነጽር ሙዳዩ ከጎን መውጣቱን፣ ቅጠሉም ማጭድ መሰልና ጅማት የለሽ መሆኑን ያየ «ሂፕኑም ይመስላል» ይበል። ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ በስም ከታወቀ ናሙናም ጋር አስተያይቶ ያረጋገጠ ብቻ ሙሉውን ስም ይጻፍ። «ይመስላል» የሚለው ቃል የድካም ምልክት አይደለም፤ ፈራጅ ምስክሩ እስኪመጣ ቀጠሮ እንደሚሰጥ ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ስለ አንዲት ጥቃቅን ተክል መናገር ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው ለገበሬው ነው። ሽበቱ ዛፉን ይገድላል ብሎ ከሎሚውና ከቡናው ግንድ ላይ ሞሱን የሚፍቅ ሰው አለ። ዛፉን የሚመጠው ግን ተቀጽላ ነው፤ ተቀጽላ ሥሩን በቅርንጫፉ ሥጋ ውስጥ ሰድዶ ውሃውንና ምግቡን ይወስዳል። ሞስ ግን ቅርፊቱን ይጨብጣል እንጂ ዘልቆ አይገባም፤ የሚጠጣውን ከዝናቡና ከጤዛው በቅጠሉ ይቀበላል። ሁለቱን በአንድ ዐይን የሚያይ ሰው ጉልበቱን በንጹሑ ላይ ይጨርሳል፤ ጥፋተኛው ከላይ ሆኖ ይመለከተዋል፤ ሞሱን ሲፍቅ የሚያቈስለው ቅርፊትም ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል።

ሁለተኛው ለአገሩ ነው። ሽማግሌው እንዳሉት ሽበት ዕድሜ ይፈልጋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶም ለቤትም ያለው ጥቅም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ይጥላል፤ በሚላጥ ቅርፊት ላይ ደግሞ ሞስ ቤት መሥራት ይቸግረዋል። በአጎራባቹ በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይቈረጣል፤ ሳይሸብት የሚሞት ዛፍ ነው። ያረጀ አገር በቀል ግንድ በብዛት የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ከእነዚህ ግንዶች አንዱ በወደቀ ጊዜ በላዩ የነበረው ሁሉ አብሮ ይወድቃል፤ ምን እንደ ወደቀ የሚነግረን አስቀድሞ በትክክል የተጻፈ ስም ብቻ ነው።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ተረት ለመልካም ሰው የተነገረ ቢሆንም ለተሳሳተም ስም ይሠራል። አንድ ጊዜ በዝርዝር ውስጥ የገባ ሐሰተኛ ስም ከዝርዝር ወደ ዝርዝር እየተገለበጠ ዛፉ ከተቈረጠ በኋላም ይኖራል፤ ያን ጊዜ ግን ሄዶ የሚያመሳክር ግንድ አይገኝም። ስለዚህ ጓደኞቻችን በሚመጣው ክረምት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ከደብተራቸው ጋር አንድ የእጅ መነጽርና ጥቂት የወረቀት ፖስታ እንዲይዙ፣ መምህራኖቻችንም የሚመጣላቸውን ዝርዝር ሲያርሙ ናሙና ከሌለው የሞስ ስም ጎን የጥያቄ ምልክት እንዲያኖሩ በአክብሮት እንጠይቃለን።